የገደል ማሚቶና ሰዓት
በኮምፒዩተር መረብ ላይ የመልእክት መዘግየት የተለካበት ታሪክ፤ ከኢምፕ እስከ ራውተር

መግቢያ

በደጋ አገር ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የሚጣራ እረኛ፣ ድምፁ ከማዶው ገደል ተመልሶ ጆሮው እስኪደርስ ያለፈውን ጊዜ ልብ ቢል፣ ሸለቆውን ሳይሻገር ስፋቱን ለመገመት ይችላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የገደል ማሚቶው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ቢመለስ ማዶው 340 ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ለዚህ ስሌት የሚያስፈልጉት የሚጣራ ሰው፣ ድምፅ የሚመልስ ገደልና አንድ ሰዓት ብቻ ናቸው።

ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ በሚያገናኙ መረቦች ላይ መልእክት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካበት ዋነኛው ዘዴ ከዚህ የእረኛ ስሌት ብዙ አይርቅም። አንዱ መሣሪያ ይጣራል፤ ሌላው የተቀበለውን እንዳለ ይመልሳል፤ የጠራው መሣሪያ በራሱ ሰዓት የደርሶ መልሱን ጊዜ ይቆጥራል። ይህን ሥራ የሚያከናውነው ፕሮግራም «ፒንግ» ይባላል፤ በመረብ ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያ ሁሉ በየቀኑ የሚገለገልበት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነገር ግን የእረኛው ስሌት የሚነግረው እርሱ ከቆመበት አፋፍ እስከ ማዶው ገደል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ከማዶው ወዲያ ስላለው ሁለተኛ ሸለቆ ምንም አይነግረውም። ያንን ለማወቅ ወይ ራሱ መሻገር፣ ወይም በማዶ ያለ ሌላ ሰው እንዲጣራለት መላክ ይኖርበታል። የመረብ መሐንዲሶችም ከዚህ የተለየ ምርጫ አልነበራቸውም። የመዘግየት ልክ ታሪክ፣ «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ከየት ላይ ቆሞ የተለካ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀስ በቀስ ክብደት ያገኘበት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዘግየት ከምን ይመጣል?

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት የሚለካውን ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባል። በመረብ ላይ የሚጓዝ መልእክት «ፓኬት» ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይላካል፤ በየመገናኛው ላይ የተተከሉ ራውተሮችም እያንዳንዱን ፓኬት ተቀብለው ወደ ቀጣዩ መሥመር ያሳልፉታል። አንድ ፓኬት በዚህ ጉዞው ላይ ጊዜ የሚያጠፋባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። ብርሃን በመስተዋት ክር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ለእያንዳንዱ 200 ኪሎ ሜትር አንድ ሚሊሰከንድ ይጠፋል። ይህን ጊዜ በገንዘብም ሆነ በጥበብ ለማሳጠር አይቻልም። ሁለተኛው ፓኬቱን ወደ መሥመሩ ለማስገባት የሚፈጀው ጊዜ ነው። 1,500 ባይት ወይም 12,000 ቢት የሆነ ፓኬት በሰከንድ 56,000 ቢት በሚያስተላልፍ መሥመር ላይ ተጽፎ እስኪያልቅ 214 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ መሥመሩ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ቢት የሚያስተላልፍ ቢሆን ግን ከአንድ ሚሊሰከንድ ስምንት እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው በራውተሩ ውስጥ የሚቆጠረው ወረፋ ነው። ከፊት የቀደሙ ፓኬቶች ካሉ የኋለኛው ተራውን ይጠብቃል፤ ይህም እንደ ገበያ ቀን ብዛት ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ይለዋወጣል። አራተኛው መሣሪያው ራሱ ፓኬቱን መርምሮ ወዴት እንደሚልከው እስኪወስን የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ፒንግ የሚሰጠው ቁጥር የእነዚህ አራቱ ድምር ነው፤ ያውም የመሄጃውና የመመለሻው ተጨምሮ። ድምሩን ማግኘት ቀላል ነው፤ ችግሩ ድምሩን ወደ ክፍሎቹ መልሶ መለየት ነው።

ኢምፕና የሎስ አንጀለስ መለኪያ ማዕከል

ለዛሬው ኢንተርኔት አባት የሆነው አርፓኔት የተባለው መረብ ሥራ የጀመረው በ1969 ነው። በየጣቢያው የተተከለው የመልእክት አሳላፊ መሣሪያ «ኢምፕ» ይባል ነበር። መሣሪያው የተሠራው በሃኒዌል ዲ.ዲ.ፒ. 516 ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን፣ ሥራውን በኮንትራት የወሰደው በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ የነበረው ቦልት ቤራኔክ ኤንድ ኒውማን የተባለው ኩባንያ ነበር። ጣቢያዎቹን የሚያገናኙት መሥመሮች በሰከንድ 50,000 ቢት የሚያስተላልፉ የኪራይ የስልክ መሥመሮች ነበሩ።

የመጀመሪያው ኢምፕ የተተከለው በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩት ሌናርድ ክላይንሮክ ስለ ወረፋ የሚናገረውን የሒሳብ ትምህርት በመልእክት መረቦች ላይ በማዋል የታወቁ ምሁር ስለ ነበሩ፣ የእርሳቸው ክፍል የመረቡ የመለኪያ ማዕከል እንዲሆን ተመርጦ ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 1969 ከዚያ ወደ ስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት የተላከው የመጀመሪያው መልእክት ሁለት ፊደል ብቻ ካደረሰ በኋላ የተቀባዩ ኮምፒዩተር መቆሙ በብዙ ጽሑፎች ተነግሯል። ከዚህ ያነሰ የተነገረው ግን ማዕከሉ ከዚያ በኋላ ያከናወነው የመለካት ሥራ ነው።

ኢምፑ ሲነደፍ የመለኪያ መሣሪያዎች በውስጡ እንዲኖሩት ተደርጎ ነበር። ከሎስ አንጀለስ ትእዛዝ ሲደርሰው ሩቅ ያለ ኢምፕ ራሱ ሰው ሠራሽ መልእክቶችን እየፈጠረ ወደ ተባለው ጣቢያ ለመላክ ይችል ነበር። እንደዚሁም ልዩ ምልክት የተደረገበት ፓኬት ሲያልፍ፣ በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ኢምፕ መቼ እንደ ተቀበለውና መቼ እንዳሳለፈው መዝግቦ ለማዕከሉ ያሳውቅ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ከሩቅ ሆኖ የመሐሉን መሣሪያ «ስለ እኔ ተጣራ» ብሎ የማዘዝ ሐሳብ ከመረቡ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በኬምብሪጅ የነበረው የመቆጣጠሪያ ማዕከልም ኢምፖቹ በየጊዜው በሚልኩለት ዘገባ አማካይነት የመሥመሮቹን ጤንነት ይከታተል ነበር። ከዚህም የተነሣ በሩቅ ክፍለ ሀገር የሚገኝ የስልክ መሥመር መበላሸቱን ከኬምብሪጅ የሚደውሉት መሐንዲሶች ለስልክ ኩባንያው ሠራተኞች የሚነግሩበት ጊዜ ነበር። ባለቤቱ ያላወቀውን ብልሽት በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ማወቁ በመጀመሪያ ሳያስገርም አልቀረም።

መለኪያው መሪ በሆነ ጊዜ

መለካት ከተቻለ፣ መረቡ በልኩ መሠረት ራሱን እንዲመራ ማድረግ ቀጣዩ ሐሳብ ነበር። በመጀመሪያው አሠራር እያንዳንዱ ኢምፕ የየመሥመሩን መዘግየት የሚገምተው በዚያች ቅጽበት በወረፋ ላይ ያሉትን ፓኬቶች በመቁጠር ነበር። የቅጽበት ቆጠራ ግን አታላይ ነው። በአንድ መደብር በር ላይ ለአንድ አፍታ የታየ ሰልፍ የቀኑን ገበያ እንደማያሳይ ሁሉ፣ የአንድ አፍታ ወረፋም የመሥመሩን እውነተኛ ሁኔታ አያሳይም።

በ1979 በጆን ማክዊላን፣ በአይራ ሪቸርና በኤሪክ ሮዘን የተዘጋጀው አዲሱ የአመራር ዘዴ ይህን ለወጠ። ኢምፑ እያንዳንዱ ፓኬት የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት እየመዘገበ የ10 ሰከንድ አማካይ ያወጣል፤ አማካዩ ጉልህ ለውጥ ካሳየም ለመላው መረብ ያስታውቃል። ሁሉም ኢምፖች በዚሁ መረጃ ተመሥርተው አጭሩን፣ ማለትም የሚዘገየው ጊዜ አነስተኛ የሆነውን መንገድ ያሰላሉ። ይህ ከግምት ወደ ትክክለኛ ልክ የተደረገ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ይሁን እንጂ በመረቡ ላይ የሚተላለፈው መልእክት እየበዛ ሲሄድ ያልታሰበ ጠንቅ ተከተለ። ሁለት የአገር ክፍሎችን የሚያገናኙ ሁለት መሥመሮች አሉ እንበል። በአንደኛው ላይ ጭነት ሲበዛ መዘግየቱ ይጨምራል፤ ልኩ ለሁሉም ሲነገር ሁሉም በአንድነት ወደ ሁለተኛው መሥመር ይዞራሉ። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው ይጨናነቃል። በሚቀጥለው ልክ ደግሞ ሁሉም ተመልሰው ወደ መጀመሪያው ይጎርፋሉ። ሁለት ድልድይ ባለበት ወንዝ ላይ አንዱ ተጨናንቋል ሲባል ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሌላው እንደሚሮጥ ዐይነት ነው። እያንዳንዱ ልክ በተወሰደበት ሰዓት ትክክል ነበር፤ ስሕተት የሚሆነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያምኑት ነው። በ1987 መሐንዲሶቹ ይህን ለማረም ልኩ በድንገት ከፍና ዝቅ እንዳይል ገደብ አበጁለት። አርፓኔት በ1990 ሲዘጋ ትምህርቱ ግን ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጥቅም የዋሉት የመረብ አመራር ዘዴዎች በየቅጽበቱ በሚለካ መዘግየት ከመመራት ይልቅ አስተዳዳሪው በሚወስነው የመሥመር ዋጋ የሚመሩ ሆኑ። መዘግየትን መለካት ከመሪነት ወርዶ ወደ ምርመራ ሥራው ተመለሰ።

የማሚቶው ሕግና የአንድ ምሽት ሥራ

ልዩ ልዩ መረቦችን አንድ የሚያደርገው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲወጣ፣ በኢምፕ ውስጥ የነበሩት የመለኪያ መሣሪያዎች ለሁሉም የሚሆኑ አልነበሩም። መሣሪያዎቹ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጡ፣ ባለቤቶቻቸውም የተለያዩ ነበሩ። በመሆኑም ሁሉም ሊፈጽመው የሚችል አንድ ቀላል ሕግ አስፈለገ።

ይህ ሕግ በመስከረም 1981 ቁጥር 792 ሆኖ በወጣው «አስተያየት ይሰጥበት» የተባለ ተከታታይ ጽሑፍ ላይ ተደነገገ። ጽሑፉን ያዘጋጁት ጆን ፖስተል ናቸው፤ እርሳቸውም በተማሪነት ዘመናቸው በሎስ አንጀለሱ የመለኪያ ማዕከል የሠሩ ነበሩ። በጽሑፉ ውስጥ ከተዘረዘሩት የመቆጣጠሪያ መልእክቶች መካከል ሁለቱ «የማሚቶ ጥያቄ» እና «የማሚቶ መልስ» ይባላሉ፤ መለያ ቁጥራቸው 8 እና 0 ነው። ሕጉ የሚለው አጭር ነው፤ የማሚቶ ጥያቄ የደረሰው መሣሪያ በውስጡ ያለውን ሳይለውጥ ወደ ላኪው ይመልስ።

ይህን የማሚቶ መልእክት ከሰዓት ጋር አጣምሮ ለምርመራ በማዋል ረገድ ግንባር ቀደም የነበሩት ዴቪድ ሚልስ ናቸው። ሚልስ «ፈዝቦል» የተባለውን ፕሮግራም በትንንሽ የዲጂታል ኩባንያ ኮምፒዩተሮች ላይ ጽፈው ራውተር አድርገው ይጠቀሙባቸው ነበር፤ ፈዝቦሎቹም እርስ በርሳቸው የደርሶ መልስ ጊዜንና የሰዓት ልዩነትን ይለካኩ ነበር። በታኅሣሥ 1983 ያወጡት ቁጥር 889 የሆነው ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ የደርሶ መልስ ጊዜ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ በሙከራ አሳየ።

በዚያው ወር በሜሪላንድ ግዛት በአበርዲን በሚገኘው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ አንድ ችግር ገጠመው። የላቦራቶሪው መረብ ያልተለመደ ጠባይ አሳየ። ሙስ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በኖርዌይ በተደረገ ስብሰባ ላይ ሚልስ ስለ ማሚቶ ልክ የተናገሩትን አስታውሶ በአንድ ምሽት አንድ ሺህ መሥመር ያህል የሚሆን ፕሮግራም ጻፈ። በኮሌጅ ሳለ ስለ ሶናርና ስለ ራዳር ባጠናው ትምህርት የተነሣ፣ መርከበኞች በባሕር ውስጥ ከሚልኩት የሶናር ድምፅ በመውሰድ ስሙን «ፒንግ» አለው።

የፕሮግራሙ ብልኀት ከአንድ ሰዓት በላይ አለመፈለጉ ነው። ፒንግ ፓኬቱን ሲልክ የመነሻውን ሰዓት በፓኬቱ ሆድ ውስጥ ይጽፋል፤ ተቀባዩ እንዳለ ስለሚመልሰው ፓኬቱ የተነሣበትን ሰዓት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በሩቅ ያለው መሣሪያ ሰዓት ትክክል ይሁን አይሁን ለውጥ አያመጣም። የሁለት ሩቅ ኮምፒዩተሮችን ሰዓት ማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ማቃለያ ነበር። በአንጻሩ ግን የመሄጃውንና የመመለሻውን ጊዜ ለመለየት አይቻልም፤ የሚታወቀው ድምሩ ብቻ ነው።

ፒንግ በዩኒክስ ሥርዓት አማካይነት በዓለም ተሠራጨ። አንድ የመረብ አስተዳዳሪ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚቋረጥ ኬብል አላገኝ ሲለው፣ መልስ በመጣ ቁጥር ኮምፒዩተሩ «ፒንግ» እያለ በድምፅ ማጉያ እንዲናገር አድርጎ በሕንፃው ውስጥ እየዞረ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ሲነካካ፣ ድምፁ በተቋረጠበት ቦታ ብልሽቱን እንዳገኘ ሙስ ተርኳል። በ2000 በመኪና አደጋ ሕይወቱ ያለፈው ይህ ሰው፣ ፒንግ በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ ይበልጥ የሚታወቅበት እንደሚሆን ቢያውቅ ኖሮ አንድ ሁለት ቀን ይጨምርበት እንደ ነበር በቀልድ ጽፎ ነበር።

መዘግየትን በስሕተት መገመት ያስከተለው ጉዳት

መዘግየትን ማወቅ የባለሙያ ምርመራ ብቻ ሳይሆን የመረቡ ሕልውና ጉዳይ መሆኑ የታየው በጥቅምት 1986 ነው። መልእክት የሚልክ ኮምፒዩተር መልስ ሳይደርሰው የተወሰነ ጊዜ ካለፈ ፓኬቱ ጠፍቷል ብሎ ደግሞ ይልካል። የሚጠብቀው ጊዜ ከእውነተኛው የደርሶ መልስ ጊዜ ካነሰ፣ ያልጠፋውን ፓኬት ጠፋ ብሎ ይደግማል፤ ድግግሞሹ ወረፋውን ያረዝማል፤ የረዘመው ወረፋ ደግሞ ሌላ ድግግሞሽ ይወልዳል።

በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ያህል ብቻ ነው፤ በመካከሉም ሁለት የኢምፕ እርከን ብቻ ነበር። በዚያ ወር ግን በዚህ አጭር መንገድ ላይ የሚተላለፈው መልእክት በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን ምክንያቱን መርምሮ በ1988 ባሳተመው ጥናት ላይ ካቀረባቸው መድኃኒቶች አንዱ፣ ኮምፒዩተሩ የደርሶ መልስ ጊዜን አማካይ ብቻ ሳይሆን የሚለዋወጥበትንም መጠን እየለካ የመጠበቂያ ጊዜውን እንዲወስን ማድረግ ነው። ይኸው መሐንዲስ በመንገድ ላይ ያሉ ራውተሮችን በየተራ የሚያስመልስ «ትሬስራውት» የተባለ ፕሮግራም ሠራ፤ በዚህም ፒንግ የማይነግረውን መንገድ ለማየት ተቻለ።

መለኪያው ወደ ራውተር ይሻገራል

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የመሥሪያ ቤቶች መረብ ሲስፋፋ የእረኛው ችግር በግልጽ ተመለሰ። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ዋና ጽሕፈት ቤትና ሁለት ቅርንጫፎች አሉት እንበል። ቴክኒሺያኑ በዋናው ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ወደ አንደኛው ቅርንጫፍ ፒንግ ቢልክ 40 ሚሊሰከንድ፣ ወደ ሁለተኛው ቢልክ 60 ሚሊሰከንድ አገኘ። ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ወደ አንደኛው የሚደረገው ግንኙነት ዘገየ የሚል አቤቱታ ቢቀርብለት፣ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መልስ አይሆኑትም። በቅርንጫፎቹ መካከል ቀጥተኛ መሥመር ካለ ልኩ 5 ሚሊሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ መሥመሩ የተጨናነቀ ከሆነም 300 ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን ቢደምራቸውም ሆነ ቢቀንሳቸው እውነቱን አያገኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ መዘግየቱ መለካት ያለበት ከተሰማበት ቦታ ላይ ነው።

በዚያ ቦታ ሁልጊዜ የሚገኘው መሣሪያ ራውተሩ ነው። ሌሊት አይጠፋም፤ በመንገዱ ላይ ተተክሏል፤ ፒንግም በውስጡ አለ። ስለዚህ ባለሙያዎች ከሩቅ ሆነው ወደ ራውተሩ እየገቡ ፒንግ እንዲልክ ማዘዝ ጀመሩ። ከዚህም አልፎ አንዳንድ የመረብ አገልግሎት ሰጪዎች «ሉኪንግ ግላስ» በሚል ስም ማንኛውም ሰው ከእነርሱ ራውተር ላይ ፒንግ ለማስላክ የሚችልበትን በር ከፈቱ።

በእጅ እየገቡ ማዘዝ ለአንድ ብልሽት ይበቃል፤ ለመቶ ራውተሮች የዕለት ተዕለት ክትትል ግን አይበቃም። በመስከረም 2000 የወጣው ቁጥር 2925 የሆነ ጽሑፍ ይህን በደንብ አስያዘው። በዚህ ደንብ መሠረት የአስተዳዳሪው ኮምፒዩተር በራውተሩ ውስጥ ባለ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ይሞላል፤ ወዴት ይላክ፣ ስንት ጊዜ ይላክ፣ ለመልሱ ምን ያህል ይጠበቅ፣ በየስንት ጊዜው ይደገም የሚለው በረድፉ ላይ ይጻፋል። ራውተሩ ጥሪውን ራሱ ያከናውንና የተላኩትንና የተመለሱትን ብዛት፣ እንዲሁም አነስተኛውን፣ ከፍተኛውንና አማካዩን ጊዜ በሌላ ሰንጠረዥ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። አስተዳዳሪው ውጤቱን በፈለገ ጊዜ ያነብባል። ደንቡ በ2006 ተሻሽሎ ቁጥር 4560 ሆኖ ወጣ። በ1969 በሎስ አንጀለስ ለኢምፖች ይሰጥ የነበረው ትእዛዝ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የማንኛውም ፋብሪካ ራውተር ሊከተለው የሚችል የጋራ ደንብ ሆነ።

የራውተሩ ምስክርነት ገደብ

ይሁን እንጂ ራውተር የቆመው ፓኬት ለማሳለፍ እንጂ ለመመስከር አይደለም። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ ቁጥሩን አንብቦ ያልበደለውን መሥመር ይወነጅላል።

በትልልቅ ራውተሮች ውስጥ የሚያልፉ ፓኬቶች የሚስተናገዱት ለዚሁ በተሠራ ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ክፍል ነው። ለራውተሩ ለራሱ የተላከ ወይም ራሱ የሚልከው የማሚቶ ፓኬት ግን ወደ ማዕከላዊው ፕሮሰሰር ይሄዳል። ይህ ፕሮሰሰር የመንገድ ካርታ ማስላትን የመሰለ ከባድ ኀላፊነት አለበት፤ የፒንግ መልስ የሚሰጠው ከዚያ ሲተርፈው ነው። ብዙ ራውተሮችም ለማሚቶ የሚሰጡትን መልስ በቁጥር ይገድባሉ። በመሆኑም መሐል ላይ ያለ ራውተር 200 ሚሊሰከንድ ቢያሳይና ከእርሱ ወዲያ ያለው ጣቢያ 30 ብቻ ቢያሳይ፣ የዘገየው መሥመሩ ሳይሆን የራውተሩ መልስ ነው። ወደ ወዲያኛው ጣቢያ የሄደው ፓኬት በዚያው ራውተር ውስጥ ማለፉ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

በ1999 የወጡት የመዘግየት ልክ ደንቦች ይህንኑ ልዩነት በስም ለዩት፤ ፓኬቱ በመሥመሩ ላይ የታየበት ሰዓት አንድ ነገር ነው፣ መሣሪያው ፓኬቱን አየሁ ያለበት ሰዓት ደግሞ ሌላ። ከዚህም በመነሣት አንዳንድ ፋብሪካዎች መልስ ሰጪው መሣሪያ በራሱ ውስጥ የጠፋውን ጊዜ መዝግቦ እንዲያስቀንስ አደረጉ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ፓኬት የማሳለፍ ሥራ የሌለበት፣ ለመለካት ብቻ የተመደበ ራውተር ከዋናው ጎን ተከሉ። አነስተኛውን ጊዜ ከአማካዩ አስበልጦ መመልከትም ልማድ ሆነ፤ ምክንያቱም ወረፋና የፕሮሰሰር ሥራ ጊዜን ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም፤ አነስተኛው ልክ ለርቀቱ ይበልጥ የቀረበ ነው።

ሌላው ገደብ የመጣው ከተንኮል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የማሚቶ ጥያቄን በሌላ ሰው ስም እየላኩ መልሱ በዚያ ሰው ላይ እንዲጎርፍ የሚያደርጉ ጥቃቶች ተነሡ። ሩቅ ያለ ራውተርን ፒንግ እንዲልክ የማዘዝ ሥልጣንም በክፉ እጅ ከገባ ያው መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ብዙዎች የማሚቶን በር ዘጉ፤ ሉኪንግ ግላሶችም የሚቀበሉትን ጥያቄ መጠን ወሰኑ። የመልስ አለመምጣት የመሥመር መሞት ማስረጃ መሆኑ ቀረ፤ ማዶው ገደል ዝም ያለው ስለሌለ ላይሆን ይችላልና።

ከሳተላይት ወደ ባሕር ሥር ኬብል

ማሚቶው ለምሥራቅ አፍሪካም የሚናገረው ነገር ነበረው። በ1995 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ሊኒየር አክሰለሬተር ማዕከል ለፊዚክስ ተመራማሪዎች ግንኙነት ሲባል የተጀመረው «ፒንገር» የተባለው ፕሮጀክት፣ ፒንግን ብቻ በመጠቀም የዓለምን መረቦች ለረጅም ዓመታት ለካ፤ በኋላም በሀብታምና በደኻ አገሮች ግንኙነት መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር ለማሳየት ዋለ።

ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሚቆም ሳተላይት የሚሄድ መልእክት ሽቅብና ቁልቁል ከ71,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ደርሶ መልሱ ያለ ምንም ወረፋ ከ477 ሚሊሰከንድ አያንስም። ኢንተርኔት በ1997 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ ባሕር ለሌላት አገር ከውጭው ዓለም ጋር መገናኛው በዋነኛነት ሳተላይት ስለ ነበር፣ ይህ ግማሽ ሰከንድ በእያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ላይ የሚከፈል ግብር ነበር። በሐምሌ 2009 የሲኮም የባሕር ሥር ኬብል በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን፣ በምድር ላይ ኬብል ወደ ጠረፉ የደረሰ ሁሉ ከዚህ ግብር ነጻ የሚወጣበት መንገድ አገኘ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል የነበረውን የጥንቱን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ሐዲድ ተከትሎ የተዘረጋ የመስተዋት ክር ቢታሰብ፣ በርቀቱ ምክንያት የሚጠፋው የደርሶ መልስ ጊዜ ከ8 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚታየው ሁሉ ወረፋ ወይም ጠማማ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በሰው እጅ የሚቃኑ ናቸው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ታየው የመዘግየት ልክ ከኢምፕ ተነሥቶ ወደ ተጠቃሚው ኮምፒዩተር ወረደ፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ መሐሉ መሣሪያ ወደ ራውተር ወጣ። በየዘመኑ ቁጥሩን ማግኘት እየቀለለ ሄደ፤ ትርጉሙን ማግኘት ግን አልቀለለም። የ1979ኙ ዘዴ እውነተኛ ልክን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከተሉት እንደሚያሳስት አስተማረ፤ የ1986ቱ መጨናነቅ ያለ በቂ ልክ መገመት ምን እንደሚያስከትል አሳየ፤ የራውተሩ ፒንግ ደግሞ መስካሪው ራሱ ሥራ የበዛበት ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ።

ስለዚህ በአንድ መዝገብ ላይ «85 ሚሊሰከንድ» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ከየትኛው መሣሪያ፣ ወደ የትኛው፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ባይት ፓኬት፣ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ እንደ ተለካ አብሮ ሲጻፍ ብቻ ለሌላው ባለሙያ ምስክር ይሆናል። እረኛውም ቢሆን የሸለቆውን ስፋት ለጓደኛው ሲነግር፣ የቆመበትን አፋፍ ካልነገረው የሰጠው ቁጥር ለማንም አይጠቅምም።